ሥራ ሳይቆም ሕንፃ ማደስ፦ የባዶዋ ክፍል ምስጢር

እስኪ ለአፍታ መካነ ሰላም እንሂድ። ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ስትጓዙ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የምታገኟት የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ ደጋው እየተቆረሰ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት ነው፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። አንድ የቆየ የድንጋይ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ መሃል አንዲት እናት አሉ። ከቆላው ቀበሌ ሌሊት ተነስተው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው ነው የደረሱት። የመሬት ይዞታ ደብተራቸው ላይ ስማቸው ተሳስቶ ተጽፏል፤ እሱን ሊያስተካክሉ ነው የመጡት።

ይህ መሥሪያ ቤት ለዚህ ጽሑፍ ብዬ በሐሳቤ የሠራሁት ነው። ግን እንዲህ ያለ ቤት አይቶ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግድግዳው ክንድ የሚያህል ውፍረት አለው፤ ጥቁር ድንጋይ በጭቃና በኖራ ተያይዞ የተገነባ ነው። ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚንቋቋ ጣውላ። ስድስት ክፍሎች አሉት። በአንደኛው ውስጥ ፋይል እስከ ኮርኒሱ ተደርድሯል። በሌላው ውስጥ አንዲት አሮጌ ሶኬት አራት ኮምፒውተር ተሸክማ ትጨነቃለች።

አሁን «ይህን ቤት ዘመናዊ እናድርገው» ተባለ እንበል። አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ኔትወርክ፣ የማያፈስ ጣሪያ፣ በዊልቸር የሚመጣ ሰው የሚገባበት መግቢያ። ነገር ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉ። አንደኛ፣ ቤቱ ታሪክ ያለው ስለሆነ መልኩ መጥፋት የለበትም። ሁለተኛ፣ በሥራ ቀን በሩ ለአንድም ቀን መዘጋት የለበትም።

እንዴት ይቻላል?

እኔ በምሕንድስና ነው የተማርኩት። ተማሪ ሳለሁ የዕድሳት ከባዱ ነገር ስሌቱ ይመስለኝ ነበር፦ ምሰሶው ስንት ኪሎ ይሸከማል፣ ሽቦው ስንት አምፔር ይችላል። ስሌቱ ቀላል ነው አልልም። ግን ሰው በሚሠራበት ቤት ውስጥ ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ ቅደም ተከተሉ። ምን ይቅደም? ምን ይከተል? ያ ሲሠራ ሰዉ የት ይቀመጥ? ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ነው።

ለምን አናፈርሰውም? ለምንስ አንዘጋውም?

ቀላሉ መልስ «አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ነው» የሚል ነው። ግን ልብ በሉ፤ ያ ድንጋይ ተፈልጦ፣ ተጠርቦ፣ ተጓጉዞ አልቋል። ድካሙ ተከፍሎበታል። አዲስ ስንሠራ ደግሞ ሲሚንቶ እንፈልጋለን፤ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት የሚመጣ ነው። በዚያ ላይ የፈረሰ ታሪክ ተመልሶ አይገነባም።

ሁለተኛው መልስ «ቤቱን ዘግቶ ማደስ» ነው። ሠራተኛ ሁሉ ይውጣ፣ ለስድስት ወር ይታጠር። ለግንበኛው ይህ በጣም ምቹ ነው። ለእኚያ እናት ግን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው የሚያገኙት የተቆለፈ በር ነው። በትንሽ ከተማ ደግሞ ስድስት ክፍል የሚተካ ባዶ ሕንፃ እንደ ልብ አይገኝም።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰው የሌለበት ቤት ቶሎ ያረጃል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አባባሉ ትክክል ነው። ሰው ሲኖር አሸንዳው ሲደፈን ይታያል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ወዲያው ይጮሃል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ዛሬም የሚመሩበት ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ ይህንኑ ሐሳብ ይዟል። ታሪካዊ ቤትን ለማኅበረሰቡ ለሚጠቅም ሥራ ማዋል ለጥበቃው ይረዳል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ የቤቱን አሠራርና ጌጥ መለወጥ የለበትም ይላል።

ስለዚህ አናፈርስም፤ አንዘጋም። ታዲያ ከየት እንጀምር?

ባዶዋ ክፍል

በስልካችሁ ላይ ቁጥር የማንሸራተት ጨዋታ ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? አራት በአራት በሆነ ሰሌዳ ላይ ከ1 እስከ 15 የተጻፈባቸው ካሬዎች አሉ። 16ኛው ቦታ ባዶ ነው። ካሬዎቹን እያንሸራተታችሁ ቁጥሮቹን በተራ ታስቀምጣላችሁ። የጨዋታው ምስጢር ያ ባዶ ቦታ ነው። እሱን ብትሞሉት አንዲትም ካሬ ንቅንቅ አትልም።

ሰው እየሠራበት ቤት ማደስ ልክ ይህ ጨዋታ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ከሲሚንቶም ከሽቦም በፊት አንዲት ባዶ ክፍል ናት። ለእኛ መሥሪያ ቤት ግቢው ውስጥ ከጣውላና ከቆርቆሮ አንድ ጊዜያዊ ክፍል እንሥራ። የክፍል 1 ሠራተኞች ወደዚያ ይግቡ። ክፍል 1 ይታደስ። ሲያልቅ የክፍል 2 ሠራተኞች ወደታደሰው ክፍል 1 ይግቡ፤ ክፍል 2 ይታደስ። እንዲህ እያለ እስከ ክፍል 6 ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ በጊዜያዊው ክፍል የቆዩት ወደ ክፍል 6 ይገባሉ። አያችሁ? ሁለት ጊዜ ዕቃ የሚሸከሙት የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የፋይሉ ክፍል ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ጣሪያውም መስመሩም ተሠርቶ ወደተጠናቀቀ ደረቅ ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ እስር ቁጥር ተሰጥቶት፣ ተመዝግቦ፣ በፎቶ ተይዞ።

ጊዜውንም እናስላ። አንድ ክፍል ሦስት ሳምንት ቢወስድ፣ 6 × 3 = 18 ሳምንት። ሁለት ባዶ ክፍል ቢኖረን ሁለት ሁለት ክፍል እያደስን በ9 ሳምንት እንጨርስ ነበር። ስለዚህ ተጨማሪ ባዶ ክፍል ማለት የተገዛ ጊዜ ማለት ነው። ይህችን 18 ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ይህ ዘዴ ለትንሽ ከተማ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ አዳራሽ ውሰዱ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያው ነው። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ የመስታወት ሥዕል የሚገኘውም በዚሁ ሕንፃ ነው። ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተመደበለት ትልቅ ዕድሳት ተደርጎለት ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። የመስታወት ሥዕሉ ታደሰ፣ ዘመናዊ የስብሰባ ቴክኖሎጂ ገባ፣ የቀድሞ መልኩ ግን ተጠበቀ።

አዳራሹ ሲታደስ ተዘግቶ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ግን ሥራውን አላቆመም። ለምን? በዚያው ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተ ሌላ የስብሰባ ማዕከል ስላለ ነው። የአዲስ አበባው «ባዶ ክፍል» እሱ ነበር ማለት ይቻላል። በስዊዘርላንድ ጄኔቭ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራውን ቤተ መንግሥት መሰል ሕንፃ ለማደስ ሲነሳ፣ መጀመሪያ ያደረገው እዚያው ግቢ ውስጥ አዲስ ሕንፃ መሥራት ነው። ከዚያ ሠራተኛውን ወደ አዲሱ እያዛወረ አሮጌውን ክንፍ በክንፍ ማደስ ጀመረ። መጠኑ ይለያይ እንጂ ጨዋታው አንድ ነው።

6,514 መስኮቶች

«ባዶ ክፍል ለመሥራት ቦታ ባይኖርስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው።

በኒውዮርክ ያለው የኢምፓየር ስቴት ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተ፣ 102 ፎቅ ያለው የቢሮ ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የኃይል ፍጆታውን ለመቀነስ ሲታደስ ተከራዮቹን ማስወጣት አልተቻለም። ከሥራዎቹ አንዱ 6,514 መስኮቶችን ማሻሻል ነበር። መስኮቶቹ ወደ ፋብሪካ አልተላኩም፤ ሕንፃው ውስጥ አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ወርክሾፕ ተከፈተ። ሌሊት ሠራተኞች መስታወቱን እያወረዱ፣ እያጠቡ፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ሙቀት የሚገታ ስስ ሽፋንና ጋዝ እየጨመሩ ወደ ቦታው መለሱት። ከነባሩ መስታወትና ፍሬም 96 በመቶ ያህሉ እንደገና ጥቅም ላይ ዋለ። እዚህ ባዶዋ «ክፍል» ሌሊቱ ነው። ቦታ ሲጠፋ ሰዓት ይፈለጋል።

ከዚህ ሕንፃ የምንማረው ሌላ ትልቅ ነገር አለ። መሐንዲሶቹ መስኮቱን ያስቀደሙት አለነገር አይደለም። መስኮቱ ሙቀት ካላስገባ ማቀዝቀዣው አይደክምም። ስለዚህ ትልልቅ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች መግዛት ቀርቶ ነባሮቹን ማደስ በቃ። ሥራው በተገላቢጦሽ ቢጀመር ኖሮ መጀመሪያ ትልቅ ማሽን ይገዛ ነበር፤ በኋላ መስኮቱ ሲሻሻል ማሽኑ ከሚያስፈልገው በላይ ይሆን ነበር። መጀመሪያ ፍላጎቱን ቀንስ፣ ከዚያ አቅርቦቱን አስላ።

አሮጌው ሽቦ የሚናገረው

ይህንኑ ወደ መካነ ሰላሙ ቤታችን እናምጣው። እያንዳንዳቸው 150 ዋት የሚፈልጉ 10 ኮምፒውተሮች አሉ፤ 1,500 ዋት። ፎቶ ኮፒና ፕሪንተር ሌላ 1,500 ዋት። አንድ የሻይ ማፍያ ምድጃ 2,000 ዋት። ድምሩ 5,000 ዋት ነው። ይህን በ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 23 አምፔር ይመጣል። አሮጌው ሽቦ በደኅና ሊሸከም የሚችለው 15 አምፔር ነው እንበል። «ትንሽ ነው ያለፈው» እንዳትሉ! በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚጨምረው በኤሌክትሪኩ ፍሰት ስኩዌር ነው። ፍሰቱ በአንድ ተኩል እጥፍ ሲያድግ ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ያ ሽቦ ደግሞ የሚያልፈው ከደረቅ ጣውላና ከወረቀት ክምር አጠገብ ነው።

መጀመሪያ ፍላጎቱን እንቀንስ፦ አምፖሎቹን በኤልኢዲ እንተካ፣ ምድጃዋን ከቢሮ አውጥተን የራሷ መስመር እንስጣት። ከዚያ ቀሪውን አስልተን አዲሱን መስመር እንዘርጋ።

ግን እንዴት? አሮጌውን ነቅለን አዲሱን ብንዘረጋ ለሳምንታት መብራት የለም። ስለዚህ አሮጌው እየሠራ አዲሱን ጎን ለጎን እንዘረጋለን፤ የራሱ ማከፋፈያ ሳጥን፣ የራሱ ማቋረጫ ይኖረዋል። ሁሉም አልቆ ሲፈተሽ አንድ እሑድ ቀን እናዛውረዋለን። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ይበራል፤ አለቀ። አሮጌው መስመርስ? ቶሎ አይነቀልም። ኃይሉ ተቋርጦ፣ ግልጽ ምልክት ተደርጎበት ለአንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል። አዲሱ ላይ ችግር ከታየ መመለሻ መንገድ አለን ማለት ነው። ድልድይ የሚሠሩ ሰዎች አዲሱ ሳያልቅ አሮጌውን አያፈርሱም፤ እኛም እንደዚያው።

ግድግዳው ይተነፍሳል

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ብዙ ሰው ቤት «ሲያዘምን» በቅድሚያ የሚያደርገው ነገር የውጭውን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ያማረ ይመስላል። ለአሮጌ ቤት ግን አደጋ ነው። ለምን?

የነጠላችሁን ጫፍ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ውሃው ወደ ላይ ሲሳብ ታያላችሁ። መሬት ውስጥ ያለው እርጥበትም እንዲሁ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል። የወሎ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ድፍን ስለሆነ ውሃው በብዛት የሚሄደው በድንጋዩ ሳይሆን በመካከሉ ባለው ጭቃና ኖራ ነው። ጭቃና ኖራ ደግሞ ውሃውን ተነን አድርገው ወደ ውጭ ይለቁታል። የግድግዳው አፍንጫ እነሱ ናቸው ማለት እንችላለን።

በሲሚንቶ ስትለስኑት አፍንጫውን ደፈናችሁት። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ውስጡ ያለው ጭቃ ይለሰልሳል፣ ውሃው ይዞት የመጣው ጨው እየደረቀ ልስኑን ይገፋዋል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ እየተላጠ ይወድቃል፤ አንዳንዴ ድንጋዩንም ይዞ። ትክክለኛው መንገድ በኖራ መጠገን፣ ከግድግዳው ሥር ውሃ የሚሸሽበት ቦይ መቆፈርና አሸንዳውን ማስተካከል ነው። ደግነቱ ይህ ሥራ የሚሠራው ከውጭ ነው፤ ውስጥ ያለውን ሠራተኛ አያስነሳም።

ስንጥቅ ካለስ? ስንጥቅ ሁሉ አደገኛ አይደለም። አንዳንዱ ከ50 ዓመት በፊት ተሰንጥቆ ያኔውኑ የቆመ ነው። ለመለየት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ትንሽ ጀሶ አቡክታችሁ ስንጥቁን አቋርጦ እንደ ፕላስተር ትለጥፉበታላችሁ፤ ቀኑን ትጽፉበታላችሁ። ጀሶ አይለጠጥም። ከወራት በኋላ ተሰንጥቆ ካገኛችሁት ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው። ደህና ከሆነ ስንጥቁ ታሪክ ነው።

የወሎ ሰማይ አለቃ ነው

18 ሳምንት ብለን ነበር፤ አይደል? መቼ እንጀምር?

በደቡብ ወሎ ደጋ ዝናብ ሁለት ጊዜ ነው። ክረምቱ አለ፤ ከዚያም ከየካቲትና መጋቢት አካባቢ የሚጀምር በልግ አለ። ጣሪያ ሊከፈት የሚችለው በእነዚህ መካከል ነው። ጥቅምት 1 ቀን ብንጀምር 18 ሳምንቱ የካቲት 6 ቀን ያልቃል። ለጥቂት ነው! ሦስት ሳምንት ብንዘገይ በልግ ያገኘናል። ስለዚህ ጊዜያዊው ክፍል፣ የቆርቆሮው ግዢ፣ ፈቃዱ ሁሉ ከመስከረም በፊት ማለቅ አለባቸው።

ይህን የተማርኩት በችግር ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የቆየ መሥሪያ ቤት ጣሪያ ሲቀየር በረዳትነት ሠርቻለሁ። ወሩ መጋቢት ነበር። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ስላለ «ሥራው ይፍጠን» ብለን የሦስት ክፍል ቆርቆሮ በአንድ ቀን አነሳን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳመናው መጣ። ሸራ ነበረን፤ የሚበቃው ግን ለአንድ ክፍል ብቻ ነው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፋይል በጉያዋ እያቀፈች ስትመላለስ፣ በቀለም የተጻፉ አሮጌ ገጾች ዓይኔ እያየ ሲሟሙ አይቻለሁ። በእነዚያ ገጾች ላይ የማን ውርስ፣ የማን ድንበር እንደነበረ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ፦ ያለን ሸራ ከሚሸፍነው በላይ ቆርቆሮ አይነሳም።

ጣሪያው ከተከፈተ ላይቀር ሌላ ሥራ እንሥራበት። በ1953 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ አዳራሽ በተመረቀበት በዚያው ዓመት፣ በካራ ቆሬ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ከደቡብ ወሎ ብዙም የማትርቀው ማጀቴ ወድማለች። የድንጋይ ቤት በመንቀጥቀጥ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ግድግዳዎቹ አናታቸው ላይ ስላልተያያዙ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይወዛወዝና ወደ ውጭ ይወድቃል። መፍትሔው የግድግዳውን አናት ዙሪያውን በእንጨት ወይም በብረት መቀነት ማሰርና የጣሪያውን እንጨት ከእሱ ጋር ማያያዝ ነው። ይህን ለመሥራት የሚመቸው ቆርቆሮው በተነሳ ጊዜ ነው። አንዴ የተከፈተ ነገር ሁለትና ሦስት ሥራ ይሠራበት።

አቧራ፣ ጩኸትና እሳት

ሰው አጠገቡ እየሠራ ግድግዳ መብሳት የራሱ ሕግ አለው።

ከአቧራ እንጀምር። የሚታደሰውን ክፍል በር በፕላስቲክ ሸራ ዝጉ፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ አየር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ግጠሙ። አየር ከክፍሉ ሲወጣ ቦታውን ለመሙላት ከኮሪደሩ አየር ይገባል። ስለዚህ በቀዳዳው ሁሉ ነፋሱ የሚሄደው ከሰዉ ወደ አቧራው ነው፤ ከአቧራው ወደ ሰዉ አይደለም። ሆስፒታሎችም ተላላፊ በሽታ ያለበትን ሰው ክፍል የሚጠብቁት በዚሁ ሐሳብ ነው።

ጩኸት የሚለካው በዴሲቤል ነው። 10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ያድጋል። ተራ ንግግር 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ድንጋይ የሚበሳ ማሽን ወደ 100 ይደርሳል። ልዩነቱ አራት ጊዜ አሥር እጥፍ፣ ማለትም 10,000 እጥፍ! በዚያ መሃል «ስምዎ ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። መብሳቱ ቢሮ ሳይከፈት ወይም ቅዳሜ ይሁን። ጸጥ ያለው ሥራ፣ ቀለሙና ሽቦው፣ ቀን ይሠራ። በገበያ ቀን ደግሞ ባለጉዳይ ስለሚበዛ ዕቃ ማዛወር አይታሰብም።

እሳት ግን ከሁሉም ይከፋል። በዴንማርክ ኮፐንሃገን ወደ 400 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የቀድሞ የነጋዴዎች ገበያ ሕንፃ አለ። የአገሪቱ የንግድ ምክር ቤት ቢሮ ሆኖ ያገለግል ነበር። ሠራተኛው ውስጡ እየሠራ፣ ውጭው በመወጣጫ ታጥሮ ሲታደስ ሳለ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት እሳት ተነሳ። የአራት ዘንዶ ጅራት ተጠማዞ የተሠራው 54 ሜትር ከፍታ ያለው ጉልላቱ ወደቀ፤ የሕንፃው ግማሽ ያህል ተቃጠለ። ሠራተኞችና መንገደኞች የቆዩ ሥዕሎችን ተሸክመው ሲያወጡ ዓለም አይቷል። የሰው ሕይወት አልጠፋም።

አሮጌ ሕንፃ በጣም ተጋላጭ የሚሆነው በሚታደስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ብየዳ አይደረግም፤ ግድ ከሆነም ብየዳው ካለቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት እሳት ማጥፊያ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይመደባል። ፍንጣሪ ጣውላ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሊነሳ ይችላላ! መውጫ በሮችም በሲሚንቶ ከረጢትና በጣውላ መታጠር የለባቸውም። በየሳምንቱ የሥራው ቦታ ሲቀየር የመውጫ ምልክቱም ይቀየራል።

ነገ ሊነሳ የሚችል ነገር ሥሩ

የኔትወርክ ኬብል ለማሳለፍ ግድግዳውን መሰርሰር ካለባችሁ ድንጋዩን አትብሱ፤ መገጣጠሚያውን ብሱ። ኖራው ነገ ይደፈናል፤ የተበሳ ጥርብ ድንጋይ ግን አይመለስም። ኬብሉንም ግድግዳ ውስጥ ከመቅበር በወለሉ ጥግ በሚሄድ ሽፋን ውስጥ አሳልፉት። ከ20 ዓመት በኋላ ያ ኬብል ያረጃል፤ ያኔ ያለው መሐንዲስ ምንም ሳያፈርስ ያነሳዋል። ምናልባት ያ መሐንዲስ ከእናንተ አንዱ ይሆናል።

መግቢያውም እንደዚያው። በሩ ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ደረጃ አለ እንበል። በዊልቸር ለሚመጣ ሰው የሚመከረው ተዳፋት 1 ለ 12 ነው፤ ማለትም 45 × 12 = 540 ሴንቲ ሜትር፣ 5.4 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል። ደረጃውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ከጎኑ ራሱን ችሎ የሚቆም መወጣጫ ይሠራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ስለ አካል ጉዳተኞች መግቢያ ይደነግግ ነበር። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ እጅ አይነሳበትም፤ ፈቃዱም በዕቅዱ ውስጥ የራሱ ቀን ሊኖረው ይገባል።

እኚያ እናት በታኅሣሥ ቢመለሱ

አሁን ሁሉንም አንድ ላይ እንየው። በክረምት ጀሶው ስንጥቁ ላይ ተለጠፈ፣ ፍላጎቱ ተሰላ፣ ፈቃድ ተጠየቀ። በመስከረም ጊዜያዊው ክፍል ቆመ። ጥቅምት 1 ቀን የመጀመሪያው ቆርቆሮ ተነሳ፤ ሸራው ግን ከሥሩ ዝግጁ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ባዶዋ ክፍል ከአንዱ ወደ ሌላው ትዞራለች።

እኚያ እናት የታረመውን ደብተራቸውን ሊወስዱ በታኅሣሥ ተመለሱ እንበል። በሩ ላይ «የመሬት ጉዳይ ወደ ክፍል 2 ተዛውሯል» የሚል ወረቀትና ቀስት ያገኛሉ። ማንበብ ካልቻሉም የሚመራቸው ሰው ቆሟል። ደረጃውን ትተው ጉልበታቸውን በማያደክመው አዲሱ መወጣጫ ይገባሉ። ከግድግዳው ወዲያ መሮ የሚያሳርፍ ግንበኛ አለ፤ ምናልባት አይሰሙትም። ደብተራቸውን ይቀበላሉ፣ ስማቸውን ያዩታል፣ ሳይመሽባቸው ወደ ቆላ ይወርዳሉ።

እናንተስ? ትምህርት ቤታችሁ ወይም ቀበሌያችሁ የቆየ ቤት ውስጥ ከሆነ አንድ ነገር ሞክሩ። ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ፣ አንድ የግድግዳ ስንጥቅ ምረጡና ትንሽ ጀሶ ለጥፉበት። ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ቤቱን ዞር ዞር ብላችሁ እዩትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ቤት ይታደስ ቢባል፣ ባዶዋ ክፍል የትኛዋ ትሆናለች?